«ኤዳ» ወይስ ዕዳ? የጣና ዳር ክርክራችን

ባሕር ዳር ላይ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ የሌለው ሰው ሁሉ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። እኛም ወርደን ነበር። ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ የሚሄዱት ጀልባዎች ከሚቆሙበት አለፍ ብለን፣ ዋርካ ሥር ተቀምጠን ዓሣ አዘዝን። አራት ነን፤ እኔ፣ በአንድ ባንክ የኮምፒዩተር ክፍል የሚሠራው የረጅም ጊዜ ወዳጄ፣ የእህቴ ልጅና እጮኛው። ዓሣው ሳይመጣ የእህቴ ልጅ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱና እጮኛው በአምስት ዓመት ውስጥ ከደመወዛቸው እየቆጠቡ ያጠራቀሙት 240 ሺህ ብር አላቸው። ገንዘቡ ለቤት ማኅበር መዋጮ የታሰበ ነው። ማኅበሩ መቼ «ክፈሉ» እንደሚል ግን አልታወቀም። እስከዚያው ብሩ ባንክ ተቀምጦ ከዓመት ዓመት የሚገዛው ዕቃ ሲያንስ ያያሉ። ወዳጄ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ካርዳኖ የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ገዝቶ «በብር ሲታሰብ ወደ ሦስት እጥፍ ደርሶልኝ ነበር» ብሎ አጫውቶታል። እንግዲህ ጥያቄው ግማሹን፣ ማለትም 120 ሺህ ብሩን፣ ካርዳኖ ውስጥ ላስገባው ወይ ነው።

የካርዳኖ መገበያያ ሳንቲም «ኤዳ» ይባላል። እህቴ ይህን ስም ስትሰማ፣ «ልጄ፣ ደግሞ ብለህ ብለህ ዕዳ በገንዘብህ ልትገዛ ነው? እሱ ሳይገዙትም ይመጣል» አለች አሉ። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን እኔና ወዳጄ እስኪመሽ ተከራከርን። የሁለታችንም ሐሳብ ለሌሎች ይጠቅም ይሆናል ብዬ እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ የሰው መዝገብ ስመረምር ነው የኖርኩት። ስለዚህ ነገሩን የማየው ከመዝገብ ተነሥቼ ነው።

መዝገቡ እንዴት ይሠራል?

ብሎክቼይን የሚባለውን ነገር ለመረዳት እቁብን ማሰብ ይበቃል። በእቁብ ዳኛና ጸሐፊ አሉ። ማን ስንት እንደጣለ፣ ዕጣው ለማን እንደወጣ የሚያውቀው የጸሐፊው መዝገብ ነው። ጸሐፊው መዝገቡን ቢያጠፋ ወይም ቢያበላሽ እቁቡ ይታመሳል። አሁን ደግሞ መዝገቡ በጸሐፊው እጅ ብቻ መሆኑ ቀርቶ እያንዳንዱ እቁብተኛ ሙሉ ቅጂውን ይዟል እንበል። አዲስ ነገር ሲጻፍ በሁሉም ቅጂ ላይ ይጻፋል። የአንዱ መዝገብ ከሌሎቹ ቢለይ ወዲያው ይታወቃል።

ሌላም መጠበቂያ አለው። እያንዳንዱ ገጽ ሲዘጋ ከገጹ ጽሑፍ በስሌት የሚወጣ አጭር መለያ ይሰጠዋል። ያ መለያ በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ ይሰፍራል። በሦስተኛው ገጽ ላይ 500 ብር የሚለውን 5,000 ያደረገ ሰው የገጹ መለያ ይለወጥበታል። ያን ጊዜ ከአራተኛው ገጽ ጋር አይገጥምም፤ አራተኛው ካልገጠመ አምስተኛውም አይገጥምም። ገጾቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ስለሆኑ አንዱን ደብቆ መፋቅ አይቻልም።

ቀጣዩን ገጽ ማን ይጻፍ በሚለው ላይ ግን መዝገቦቹ ይለያያሉ። በቢትኮይን እልፍ ኮምፒዩተሮች አንድ የስሌት እንቆቅልሽ ለመፍታት ይሽቀዳደማሉ። ቀድሞ የፈታው ገጹን ይጽፍና ይሸለማል። ይህ ሽቅድምድም ከባድ የኤሌክትሪክ ኃይል ይበላል። በካርዳኖ ግን ጸሐፊው የሚመረጠው በዕጣ ነው። ዕጣው እኩል አይደለም፤ ብዙ ሳንቲም ላለው ወይም ብዙ ሰዎች ሳንቲማቸውን ወክለው ለሰጡት የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። እቁብ ውስጥ ሙሉ ዕጣና ግማሽ ዕጣ እንዳለው ማለት ነው። ኃይል አይፈጅም፤ ወዳጄም ካርዳኖን ከወደደበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው።

ካርዳኖ በአገራችን

ካርዳኖን የመሠረተው ኢትሪየም የተባለውን ሌላ ታዋቂ መድረክ ከጀመሩት ሰዎች አንዱ የነበረው አሜሪካዊው ቻርልስ ሆስኪንሰን ነው። መድረኩ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ነው። ስሙን ያገኘው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖረው ጣሊያናዊ የሒሳብ ሊቅ ከጂሮላሞ ካርዳኖ ነው። ሰውዬው ስለ ቁማርና ስለ ዕድል ስሌት ቀድመው ከጻፉት አንዱ ነበር። ሳንቲሙ ደግሞ በእንግሊዛዊቷ የሒሳብ ሰው በኤዳ ላቭሌስ ተሰይሟል።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባችው ቀደም ብላ ነው። በ2010 ዓ.ም. የካርዳኖ ሠሪ ድርጅት ከያኔው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያና የኡጋንዳ ወጣት ሴቶች ካርዳኖ የተጻፈበትን ሃስክል የተባለ የኮምፒዩተር ቋንቋ አዲስ አበባ ላይ ሠልጥነው ተመረቁ። ትልቁ ዜና የመጣው ግን በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ነው። ድርጅቱ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተስማምቶ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ በካርዳኖ መዝገብ ላይ ሊያሰፍር መሆኑ ተነገረ። 3,500 ትምህርት ቤቶችና 750 ሺህ መምህራን በዕቅዱ ይካተታሉ ተባለ። በዓለም ላይ ትልቁ የብሎክቼይን ስምምነት ተብሎም ተወራለት።

ወዳጄ የገዛው ያን ሰሞን ነው። «በዓለም ያሉ ሳንቲሞች ሁሉ ወሬ ሲሸጡ ይኼኛው ግን ከአንድ መንግሥት ጋር እውነተኛ ሥራ ይዟል፤ ያውም ከእኛው ጋር። የእኛ ልጆች ውጤት የሚጻፍበትን መዝገብ ድርሻ ካልገዛሁ ምን ልገዛ ነው?» አለ። ንግግሩ ያሳምናል። በእኛ አገር የሐሰት ዲግሪና የተጭበረበረ ማስረጃ ምን ያህል ራስ ምታት እንደሆነ ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ወዳጄ የሚከራከርባቸው ነጥቦች

ወዳጄ የዋህ አይደለም፤ ክርክሩም ባዶ አይደለም። አንደኛ፣ ካርዳኖ በጥድፊያ የተሠራ አይደለም ይላል። የዕጣ አሠራሩ በዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተጽፎ፣ በሌሎች ምሁራን ተመርምሮ የታተመ ነው። ሁለተኛ፣ ጠቅላላ የሚወጣው ሳንቲም በ45 ቢሊዮን የተገደበ ነው። እንደ ብር ማዕከላዊ ባንክ ሲፈልግ አያትመውም። ሦስተኛ፣ ሳንቲሙን ወክሎ ለሰጠ ሰው ዓመታዊ ጉርሻ አለው፤ እንደ ጊዜው ከ2 እስከ 5 በመቶ ሲከፈል ቆይቷል።

አራተኛው ክርክሩ ከሁሉም ይጠነክራል። «በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ። እንግዲህ ብሩን ባንክ አስቀምጥ ያልከው ሰው በዓመት ሩቡን ያህል እንዲያጣ መከርከው ማለት ነው። ታዲያ የእኔ ሳንቲም አደገኛ ሆኖ የአንተ ባንክ አስተማማኝ የሆነው በየት በኩል ነው?» አለኝ። የእህቴ ልጅ ፈገግ አለ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው አማካሪ ዝም ቢል ይሻለዋል።

የጨመረው ሳንቲሙ ነው ወይስ ዶላሩ?

ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። የትምህርት ሚኒስቴሩ ስምምነት በተነገረ ሰሞን አንድ ኤዳ ወደ 1 ዶላር ከ30 ሳንቲም ያወጣ ነበር። ዶላር በባንክ 42 ብር አካባቢ ነበረ። ስለዚህ አንዱ ኤዳ ወደ 55 ብር ነው። አሁን እ.ኤ.አ. ወደ ዲሴምበር 2024 መጀመሪያ እንሂድ። አንድ ኤዳ ብዙ ከወረደና ከወጣ በኋላ እንደገና ወደ 1 ዶላር ከ30 ሳንቲም ደረሰ። መንግሥት ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋን ለገበያ ትቶት ስለነበር ዶላር ከ120 ብር በላይ ሆኗል። አንዱ ኤዳ ወደ 156 ብር ሆነ ማለት ነው።

ወዳጄ «ሦስት እጥፍ» ያለው ይህን ነው። በብር እውነቱን ነው። ባንክ ያስቀመጠው ሰው 55 ብሩ በ7 በመቶ ወለድ በዚያ ጊዜ 70 ብር ገደማ ነበር የሚሆንለት። ነገር ግን የሳንቲሙ ዋጋ በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ በዶላር አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። የተለወጠው ብሩ ነው። አንድ ከውጭ የተላከለትን 1 ዶላር ከ30 በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ አስቀምጦ ሌላ ምንም ያልሠራ ሰውም እኩል 156 ብር ያገኝ ነበር። የወዳጄ ትርፍ የዶላር ትርፍ ነበር።

በመካከሉ የነበረውን መንገድ ደግሞ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 መጀመሪያ ኤዳ 3 ዶላር ከ10 ሳንቲም ደርሶ ነበር። በዚያው ዘመን ምንዛሪ ይህ ወደ 141 ብር ነው። በ2022 መጨረሻ ግን 25 ሳንቲም አካባቢ ወረደ፤ በብር ወደ 13። በጫፉ ላይ 120 ሺህ ብር ያስገባ ሰው በዓመት ከሦስት ወር ውስጥ እጁ ላይ የቀረው 11 ሺህ ብር ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት የቤት ማኅበሩ «ክፈሉ» ቢል ምን ሊከፍል ነው? ጠብቆ እስከ 2024 መጨረሻ የቆየው ደግሞ በብር ከገዛበት ጥቂት ከፍ ያለ ነገር አገኘ፤ በዚያ ሁሉ ንረት ግን ያ ብር የሚገዛው ሲሚንቶም ሆነ ብረት ከግማሽ በታች ነው።

ወዳጄ፣ «እኔ በጫፉ አልገዛሁም» አለ። ልክ ነው። ግን እኮ ዛሬ የሚገዛው ወጣት የቆመው ከጫፉ ላይ ይሁን ከሥሩ እኔም እሱም ልናውቅ አንችልም።

መዝገቡ ሲሠራ ሳንቲሙ ምን ያገኛል?

የክርክራችን ዋና ነጥብ ይህ ነበር። ወዳጄ፣ «መዝገቡ ጠቃሚ ከሆነ ሳንቲሙ ይወደዳል» ይላል። እኔ ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኘውን ቧንቧ አሳየኝ አልኩት። ቧንቧው የአገልግሎት ክፍያ ነው። በካርዳኖ መዝገብ ላይ አንድ ነገር ለማስፈር ክፍያው በኤዳ ነው፤ ለአንድ ተራ ዝውውር ወደ 0.17 ኤዳ ይከፈላል። እንግዲህ ትልቁ ሕልም ሙሉ በሙሉ ተሳካ እንበል። 5 ሚሊዮኑም ተማሪዎች በየዓመቱ አንዳንድ ጊዜ በመዝገቡ ላይ ይሰፍራሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም 0.2 ኤዳ ይከፈላል። ድምሩ በዓመት 1 ሚሊዮን ኤዳ ነው።

ብዙ ይመስላል። ግን በሰው እጅ ያለው ኤዳ ከ35 ቢሊዮን በላይ ነው። አንድ ሺህ ኤዳ ያለው ሰው ከዚያ ክፍያ የሚደርሰው በዓመት ከአንድ ኤዳ መቶኛ ሦስቱ እንኳ አይሞላም። በእውነቱ ከዚያም ያንሳል፤ የብዙ ተማሪዎችን ማስረጃ ጠቅልሎ በአንድ ጊዜ ማስፈር ይቻላልና። እንግዲህ የአንድ አገር ተማሪዎች ሁሉ ቢጠቀሙበት ለሳንቲሙ ባለቤት የሻይ ዋጋ አያመጣም።

«ጉርሻውስ?» አለ ወዳጄ። ጉርሻው በአብዛኛው የሚከፈለው ከክፍያ ሳይሆን ገና ካልተበተነው ሳንቲም ነው። መድረኩ ሲጀመር 31 ቢሊዮን ገደማ ሳንቲም በሰው እጅ ነበር። ከዚያ እስከ 45 ቢሊዮን ያለው ቀስ በቀስ በጉርሻ መልክ ይወጣል። አንተ 3 በመቶ ስትጎርስ ጎረቤትህም ይጎርሳል፤ የሳንቲሙ ቁጥር ይበዛል፤ ያንተ ድርሻ ግን እምብዛም አያድግም። ድግሱ ከውጭ በመጣ እህል የተደገሰ አይደለም።

በዚህ መካከል አንድ ታንኳ በፊታችን አለፈ። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። እንጨት ተሸክሞ ሐይቁን ያቋርጣል። ታንኳው ጭነት ስላሻገረ ዳር የበቀለው ደንገል ውድ አይሆንም፤ ሌላ ደንገል ሞልቷል፤ ካስፈለገም ጀልባ አለ። መዝገቡም እንዲሁ ነው። ጥቅም መስጠቱ አንድ ነገር ነው፤ ያ ጥቅም በእጅህ ያለችውን ሳንቲም ማስወደዱ ሌላ ነገር ነው።

ጀልባም መጣ። የሚኒስቴሩ ስምምነት የተፈረመው ጦርነት በነበረበት ዓመት ነው። ስምምነቱን የያዙት ሚኒስትር ዶክተር ጌታሁን መኩሪያም በመስከረም 2014 ዓ.ም. አዲሱ መንግሥት ሲመሠረት ቦታውን ለፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ለቀቁ። የ5 ሚሊዮኑ ዕቅድ በተነገረለት ስፋት ሳይፈጸም ቀረ። የመለያው ችግር ግን ሌላ መልስ አገኘ። «ፋይዳ» የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝግቧል። ፋይዳ የቆመው ሞሲፕ በተባለ፣ ሕንድ አገር በተሠራና ማንም በነፃ ሊጠቀምበት በሚችል ሶፍትዌር ላይ ነው። ብሎክቼይንም አይደለም፤ የሚገዛ ሳንቲምም የለውም። ወዳጄ ችግሩን በትክክል አይቷል። ሥራውን ማን እንደሚያገኝ ግን ችግሩን በማየት ብቻ አይታወቅም።

ከዚህ ዘርፍ አገራችን ጥሬ ዶላር ያገኘችበት መንገድም ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ቢትኮይን ለሚያመርቱ ኩባንያዎች በኪሎዋት ሰዓት 3 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ እያስከፈለ በዶላር ኃይል ሸጧል። ሳንቲሙ ቢወጣም ቢወርድም የመብራት ሒሳቡ ይከፈላል። በወርቅ ጥድፊያ ዘመን አካፋ ሻጩ አይከስርም እንደሚባለው ነው።

መግቢያውና መውጫው

እስካሁን ያልኩት ለለንደንም ለናይሮቢም ሰው ይሠራል። ባሕር ዳር ለተቀመጠ ሰው ግን የሚጨመር አለ።

የመጀመሪያው ሕጉ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ ባወጣው መግለጫ በአገር ውስጥ ክፍያ የሚፈጸመው በብር መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። በዚያው ሰሞን የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በዘርፉ የተሰማሩ እንዲመዘገቡ ጠራ። አንድ ቤት ሕገ ወጥ ሲል ሌላው ተመዝገቡ ማለቱ ግራ ያጋባል። ለገዢው ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ብትጭበረበር የምትከስበት መስኮት የለህም። ግዢው ብዙ ጊዜ በስልክ ከማያውቁት ሰው ጋር፣ ብር በባንክ አስተላልፎ ነው። ዋጋውም የጥቁር ገበያው ዶላር ነው። ስለዚህ እኔ ከላይ በባንክ ምንዛሪ ያሰላሁት ስሌት ለገዢው ካጋጠመው እውነታ የተሻለ ነው። ያ ያላወቁት ሰው የላከው ገንዘብ ከየት እንደመጣ ሲጣራ የባንክ ሒሳብ ሊታገድም ይችላል።

ሁለተኛው ኢንተርኔት ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። በእነዚያ ወራት ኤዳ ከ25 ሳንቲም አካባቢ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ከ70 ሳንቲም በላይ ደረሰ፤ በጁላይ ደግሞ ወደ 40 ሳንቲም ወርዶ ነበር። ወዳጄ መሥሪያ ቤቱ መስመር ስላለው አየው። ሌላው ሰው ግን ዋጋው ሲወጣ መሸጥ፣ ሲወርድም መሸሽ አልቻለም። ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ለመደወል ብቻ ነበር የሚያገለግለው።

ሦስተኛው ቁልፉ ነው። ሳንቲሙን በራሱ የያዘ ሰው 15 ወይም 24 ቃላት ይሰጡታል። ቃላቱ የጠፉበት ሰው ገንዘቡ ጠፋ። ቃላቱን የሰረቀ ሰው ባለቤት ሆነ። ሰው ቢሞት ሚስቱ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዛ ባንክ ትሄዳለች፤ ካርዳኖ ዘንድ የሚሄዱበት ቅርንጫፍ የለም። ወዳጄን «ቃላቱን ሌላ ማን ያውቃቸዋል?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ማንም» አለ። ለባለቤቱ በታሸገ ፖስታ እንዲተውላት እዚያው ቃል አስገባሁት።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የወዳጄ አራተኛ ጥያቄ ግን አሁንም አልተመለሰም፤ ብር ይሟሽሻል፤ ወዴት ይኬድ? ቀላል መልስ የለኝም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የ10 በመቶ ድርሻውን፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ገበያው ገና ልጅ ነው፤ የገዙትን አክሲዮን በፈለጉት ቀን በፈለጉት ዋጋ መሸጥ ቀላል አይደለም። አክሲዮን ሸጠው የጠፉ፣ ለዓመታት ትርፍ ያላከፋፈሉ ኩባንያዎችንም አይተናል። እነዚህን ስጠቅስ ያለ ስጋት ናቸው እያልኩ አይደለም።

ልዩነቱ ግን ይህ ነው። የአክሲዮን ባለቤት ኩባንያው ካተረፈ ድርሻ የመጠየቅ መብት በሕግ አለው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም ያውቃል፤ እኔና አንተ ካርድ ስንሞላ፣ ባንክ ብድር አበድሮ ወለድ ሲሰበስብ ነው የሚመጣው። የኤዳ ባለቤት ትርፍ በዋናነት የሚመጣው ነገ ከእሱ በሚበልጥ ዋጋ ከሚገዛው ሰው ኪስ ነው። ያ ሰው ሊመጣ ይችላል፤ ከዚህ በፊት መጥቶ ያውቃል። መምጣቱን የሚያስገድደው ግን የለም።

ስለዚህ ማንኛውም ወጣት እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብለት ሦስት ነገር ይጠይቅ እላለሁ። ትርፉ የሚወጣው ከማን ኪስ ነው? ስፈልገው በምን መንገድ፣ በስንት ቀን ወደ እጄ ይመለሳል? ዘጠኝ አሥረኛው ቢጠፋ የትኛው የቤቴ ጉዳይ ይቆማል? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ «ምንም አይቆምም» ከሆነ የራሱ ገንዘብ ነው፤ ሕጉን አውቆ ይወስን። መልሱ «ቤቴ» ከሆነ ግን ያ ገንዘብ ለዚህ የሚሆን አይደለም።

ቴክኖሎጂውን ራሱን አላጣጣልኩትም። እንዲያውም ለእህቴ ልጅ፣ «ከሳንቲሙ ይልቅ ሙያውን ግዛ» አልኩት። በ2011 ዓ.ም. ሃስክል የተማሩት ወጣቶች ያገኙት ዕውቀት ኤዳ 92 በመቶ በወረደበት ዓመት አልወረደም። መዝገብ እንዴት እንደማይፋቅ፣ ማስረጃ እንዴት እንደሚረጋገጥ የሚያውቅ ሰው በፋይዳም በባንክም ሥራ አያጣም። ለመማር የሚያስፈልገው ደግሞ 120 ሺህ ብር አይደለም።

እስካሁን ዝም ብላ የሰማችው እጮኛው በመጨረሻ ወደ ወዳጄ ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ያኔ የገዙት የቤት ገንዘብ ነበር?» አለችው።

ወዳጄ ለመመለስ ጊዜ ወሰደ። «የለም፤» አለ፤ «ቤት ከሠራሁ በኋላ የተረፈኝ ነበር። ዛሬም አልሸጠውም፤ ገና ይወጣል ብዬ አምናለሁ። ግን ቢጠፋም ልጆቼ ሜዳ ላይ አይወድቁም።»

ልጅቷ ወደ እጮኛዋ አየች። እሱም አንገቱን ነቀነቀ። 240 ሺህ ብሩ ሳይከፈል እንዲቆይ፣ ማኅበሩ የሚዘገይ ከሆነም ከፊሉን ወደ ተሻለ ወለድ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ እንዲያዛውሩ ተስማሙ። ንረቱን አያሸንፉትም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ማኅበሩ ሲጠራ ግን ገንዘቡ ይኖራል።

ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ልትጠልቅ ስትል የዘጌ ጀልባዎች ተመለሱ። ሒሳብ መጣ። ወዳጄ ከሁላችን ቀድሞ ስልኩን አወጣ። «በኤዳ ልትከፍል ነው?» አልኩት። አስተናጋጁ ግራ ገብቶት አየን። ወዳጄ እየሳቀ ከፈለ፤ በብር።